ሁለትና አራት

ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ፤ ሰልፉ ግን አልቆመም።

ለሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞች ቀን አራት ቀን ነበር የቀረው። አራት መቶ ተማሪዎች በአቃቂ በሰቃው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አቧራውን እያቦነኑ ይረግጣሉ፤ የሙዚቃ መምህሯ ሰኪና ደርዊሽ ትልቁን ከበሮ ትመታለች። ሌላው ክፍል ሁሉ "ግራ!" ሲባል ግራ እግሩን ያሳርፍና አብሮ ያጨበጭባል። ሰባተኛ "ለ" ብቻ "ግራ" ሲባል እጁ ዝም ይልና "ቀኝ" ሲባል ጧ! ያደርጋል። አንድ ላይ ዝም፣ ሁለት ላይ ጧ፤ ሦስት ላይ ዝም፣ አራት ላይ ጧ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ሲዞሩ ነገሩ ወደ ስምንተኛ ክፍሎች ተጋባ። በሦስተኛው ዙር የራሱ እግር የጠፋበት ባንዲራ ያዥ የፊተኛውን ተረከዝ ረግጦ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ።

ዳይሬክተሩ አቶ አጥናፉ እየሮጡ መጡ።

"ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?"

ከሰባተኛ "ለ" ፊት የቆመችው ረጅሟ ዳሲቱ መሬት መሬት አየች።

"እኔ ነኝ" አለች ሰኪና፣ የከበሮውን ዱላ ብብቷ ሥር እያስገባች።

"ሆን ብለሽ?"

"ሰልፉን ላበላሽ ብዬ አይደለም። ግን አዎ፣ አስተምሬያቸዋለሁ።"

"ቢሮ እንገናኝ" አሉ አቶ አጥናፉ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነበር። ሰኪና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሙዚቃ ስታስተምር አራተኛ ዓመቷ። ትምህርት ቤቱ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ አየር የሚያፈስ አኮርዲዮን፣ ክር የሌለው ክራርና የሰልፉ ከበሮ ነበር። ተማሪዎቿ "ሩብ ኖታ አንድ ምት ይይዛል፣ ግማሽ ኖታ ሁለት ምት ይይዛል" እያሉ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ይወጡታል። "እስቲ አጨብጭቡት" ስትላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ቀን ዳሲቱ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅመናል?" ብላ ጠየቀቻት። ዳሲቱ በሒሳብም በሳይንስም አንደኛ የምትወጣ፣ ያልገባትን ነገር አውቃለሁ ማለት የማትወድ ልጅ ናት።

መልሱ የመጣው ከአሰብ ነው። አባቷ አቶ ደርዊሽ ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዳሉ። ወደብ ላይ የታመመ ጥቁር አሜሪካዊ መርከበኛ ሐኪም ቤት አድርሰው ኖሮ፣ ሰውየው ሲድን የሚሰጣቸው ነገር ቢያጣ አንድ ካሴት ሰጣቸው። አባቷ ዘፈን አይወዱም። "አንቺ የዚህ ሰው ነሽ" ብለው ካሴቱን ወረወሩላት።

ሰኪና ቴፑን ክፍል ይዛ ገባች። ካሴቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አይዘፍኑም፤ ያወራሉ። ግን ወሬያቸው ከከበሮው ጋር ይሄዳል፣ ቤት ይመታል፣ ያሾፋል፣ ይቆጣል። ቋንቋውን ማንም አልሰማውም። የባለሱቁ ልጅ ታጁ ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ብሬክ ዳንስ ነው! ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አይቼዋለሁ!" ብሎ ክንዱን እንደ ማሽን እየሰባበረ አሳያቸው።

ያን ጊዜ ሰኪና አየችው። ልጁ ክንዱን በሰበረ ቁጥር አንድ ሩብ ኖታ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲደርቅ ዕረፍት ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ምት ጻፈችና ልጆቹን አስነሣቻቸው። "ዕረፍት ማለት መተኛት አይደለም" አለቻቸው። "ምቱን ይዞ መቆም ነው።" በሁለተኛው ሳምንት ኖታውን በትከሻቸው ያነቡት ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ከበሮው ሰልፍ ላይ እንደለመዱት አንደኛው ምት ላይ ብቻ እንደማይከብድ፣ ሁለትና አራት ላይም ሊከብድ እንደሚችል አገኙት። ከሁሉም መጨረሻ የገባት ዳሲቱ ነበረች። የገባት ቀን "እንዴ!" ብላ ብቻዋን ሳቀች። የሙዚቃ ተግባር ፈተናቸውንም እንዲሁ በትከሻና በጭብጨባ ተፈተኑ።

ቀጥሎ ቃል መጣ። መልመጃው፣ አራት መስመር ጽፈህ በአራት ምት ተናገር የሚል ነው። አንዱ ስለ ኳስ ጻፈ፣ ሌላው ስለ ሒሳብ መምህሩ ጫማ። ዳሲቱ ስለ ቦኖ ውሃ ጻፈች።

*ጀሪካን ይዤ ወጣሁ ወፍ ሳይንጫጫ፣*
*ቦኖው ጋ ብደርስ ሰልፉ እስከ መንገድ መውጫ፤*
*ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጭራው ላይ እኔ ነኝ፣*
*ከፊት የሚቀዳው ማነው? ማን ይንገረኝ?*

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የሚቀዳው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሠራተኛ ሳትሰለፍ እንደምትቀዳ ያላየ የሰፈር ሰው የለም። ሰኪና ግጥሙን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ምቱን አስቆጠረችበት። ሳታጠፋው ወጣች።

አሁን ያ ግጥም በአቶ አጥናፉ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጦ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ካሴቱ አለ።

"ሰልፉ ረጅም ነው ይላል" አሉ፣ በብዕራቸው እየነኩት። "የቱ ሰልፍ?"

"የውሃ ሰልፍ።"

"ሰው ሁሉ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት እየተሰለፈ፣ አንቺ ክፍል ውስጥ ሰልፉ ረዘመብኝ ይባላል። ከዚያ ያው ክፍል ሜዳ ላይ ወጥቶ ሰልፉን ያፈርሳል። ይሄ በአጋጣሚ ነው የሚል ሰው ታገኚያለሽ?"

"ጋሽ አጥናፉ፣ እርስዎ እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ቦኖውን ያውቁታል።"

አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነው።

"ባለፈው ዓመት አንድ ዳይሬክተር ተማሪው መፈክር ገልብጦ ስለያዘ ከሥራው ተነሥቷል። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። እኔ አምስት ልጅ አለኝ። ይሄ የአሜሪካ ጭፈራ ነው፤ የኢምፔሪያሊስት ባህል!"

"የጭቁኖች ነው" አለች ሰኪና። "የሠሩት የድሃ ጥቁር ልጆች ናቸው። መሣሪያ የሚገዛላቸው ቢያጡ በአፋቸው ሠሩት። ስለ ጭቁኖች አስተምሩ አልተባልንም?"

"እሱን ለነገው ሰው ንገሪው" አሉና መነጽራቸውን መለሱ።

የነገው ሰው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ተቆጣጣሪ አቶ ዱሬሳ ነበሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ በወጣትነታቸው ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰባተኛ "ለ" ገብተው ሰኪናን ከኋላ አስቀመጧትና ምንም ሳይናገሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ሙሉ መስመር ኖታ ጻፉ። አስቸጋሪ ነበር፤ ከባዱ ምት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ዕረፍት አስገብተውበታል።

"አንቺ፣ ረጅሟ" አሉ። "አንብቢው።"

ዳሲቱ ተነሣች። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አየች። ከዚያ ትከሻዋ በጣም በቀስታ ይንቀሳቀስ ጀመር፣ ቀጥሎ አፏ፦ "ዱም፣ ካ... ካ፣ ዱም... ካ።" ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳትስት አነበበችው።

አቶ ዱሬሳ ሁለት ኖታ አጥፍተው በሌላ ተኩ። እሱንም አነበበችው።

"ዕረፍቱ ላይ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምቱ ውስጤ ይመታል፤ አላወጣውም እንጂ" አለች ዳሲቱ።

አቶ ዱሬሳ ጠመኔውን አስቀመጡ፤ እጃቸውንም ሳያራግፉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ለአቶ አጥናፉ ሲናገሩ ሰኪና ሰማች።

"አሥራ አራት ዓመት አስተማርኩ። ይህን የሚያነብ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ያውቃሉ፣ አጥናፉ።"

"ማወቃቸውን ማን ጠየቀ?" አሉ አቶ አጥናፉ።

ከሰዓት በኋላ በታይፕ የተመታ ግለ ሂስ ተሰጣት። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። በጠላት ባህል ተታልላ ተማሪዎችን ማሳሳቷን ታምናለች፤ በዚህ ዘዴ የተሰጠው የተግባር ፈተና ተሰርዞ ለሁሉም ሃምሳ ሃምሳ እንዲያዝ ትስማማለች፤ ግጥሙን የጻፈው ተማሪ... ከዚህ ቀጥሎ ለስም የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር።

አቶ ዱሬሳ እስከ በሩ አብረዋት ሄዱ።

"ፈርሚው፣ እህቴ። ፋይል ውስጥ ገብቶ አቧራ ይለብሳል። መስከረም ላይ ማንም አያስታውሰውም፤ አንቺም ማስተማርሽን ትቀጥያለሽ።"

"ስሙስ?"

አቶ ዱሬሳ ወደ አስፋልቱ አዩ። "አንድ ስም ነው" አሉ።

"ለእርስዎ ነው አንድ ስም የሆነው።"

"ካልፈረምሽ ዝውውር ነው። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ቅርብ እንዳልሆነ ግን ልንገርሽ።"

ዳሲቱ በሩ አጠገብ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትጠብቃት ነበር። ሰውየው እስኪርቁ ቆየችና ጠጋ አለች።

"ቲቸር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ልንገራቸው? እናቴን ፋብሪካ ድረስ ሄደው ነገር ከሚፈልጓት..."

"ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም።"

"አንቺ የተጠየቅሽው ኖታ ነው፤ እሱንም መልሰሻል። በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ቤት ስትደርስ አቶ ደርዊሽ ለነገው መንገድ የቦቴውን ጎማ በብረት እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቷ ብረቱን መሬት ላይ ጥለው መለዋወጫው ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንን ጉድ ያመጣሁት እኔ" አሉ። "ካሴቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ።"

"ካሴቱ አይደለም ችግራቸው፣ አባ።"

"እንግዲያው ፈርሚ። እኔ ከአሰብ እዚህ እስክደርስ ስንት ኬላ ላይ የምፈርም ይመስልሻል? ያላየሁትን አየሁ ብዬ እፈርማለሁ። ፊርማ ሃይማኖት አይደለም፣ ልጄ። የአላህ መንገድ ሰፊ ነው፣ የኬላው ነው ጠባቡ።"

"እርስዎ ሲፈርሙ የሰው ስም አሳልፈው ሰጥተው ያውቃሉ?"

የፋብሪካው ፊሽካ ተነፋና ከሥራ የወጡት ሴቶች እያወሩ በአጥሩ ሥር አለፉ።

"አልሰጠሁም" አሉ አቶ ደርዊሽ። ተነሥተው ብረቱን አነሡና የቀረውን ጎማ መምታት ቀጠሉ፤ ከበፊቱ ይልቅ አጥብቀው።

ሰኪና ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋች። አንዱ ግለ ሂሱ ነው። ሌላው ነገ ጠዋት የምታስረክበው የሰባተኛ "ለ" የማርክ ሮስተር ነው። የሃምሳ ሁለት ልጆች ስም ተጽፎበታል፤ የሙዚቃ ተግባር የሚለው ዓምድ ገና ባዶ ነው። ሃምሳ ሃምሳ ቢሞላ ማንም አይወድቅም። ማንም አይጎዳም ለማለትም ይቻላል። ታጁ በሃምሳ ደስ ይለዋል፤ ብዙዎቹም ግድ የላቸውም። ይህን ሁሉ አሰበች። ፈራችም። በፈተናው ቀን ማርክ የያዘችበትን ደብተር አወጣችና ከመጀመሪያው ስም ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አጥናፉ ቢሮ ስትገባ አቶ ዱሬሳም ነበሩ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። አቶ አጥናፉ መጀመሪያ ያነሡት ሮስተሩን ነው። በጣታቸው ዓምዱን ወረዱበት፤ ሰባ አንድ፣ ስልሳ ሦስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ታጁ ሰማንያ፣ ዳሲቱ ዘጠና ስምንት። በሰማያዊ ቀለም ነው የተጻፈው፤ አይጠፋም። ከሥሩ ስሟ፣ ፊርማዋና ቀኑ አለ።

"ሃምሳ ነው የተባለው" አሉ።

"ሃምሳ ያገኘ ልጅ የለም።"

ሁለተኛውን ወረቀት ገለበጡት። የስሙ ቦታ ክፍት ነው። የፊርማው ቦታም ክፍት ነው።

"ሰኪና" አሉ አቶ አጥናፉ። በስሟ ብቻ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። "ብዕር ላበድርሽ?"

"ብዕርስ አለኝ፣ ጋሽ አጥናፉ። የምፈርምበትን ፈርሜያለሁ።"

አቶ ዱሬሳ ቀና ብለው አላዩም። የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱና የራሳቸውን ብዕር አወጡ፤ ሮስተሩን ወደ ራሳቸው ስበው "ያረጋገጠው" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ፈረሙበት።

ደወሉ ተደወለ። ሰኪና የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዋ ሰባተኛ "ለ" ነበር፤ ጠመኔዋን ይዛ ወጣች።