ከአምስተኛው ደረጃ

የጎረቤታችን ጋራዥ ሜካኒክ የታናሽ ወንድሜን ሁለት የፊት ጥርስ ያወለቀው ከምሳ በኋላ ነው። የተበላሸ የጭነት መኪና በብየዳ ቤታችን በር ላይ ገትሮ፣ ወንድሜ አንሳልን ቢለው በቡጢ መለሰለት። ወንድሜ ጥርሶቹን ጨብጦ ገባ። መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ።

የብየዳ መነጽሬን አወለቅኩ። ጥግ ላይ ከተደገፉት ቧንቧዎች አንዱን አነሳሁና ቀለለኝ። መልሼ ሌላ መረጥኩ። መርጫለሁ፤ ይህን አልክድም።

ሰፈሩ የሚያውቀኝ በጸሎቴ ነው። በጸሎት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፤ ቤት ደግሞ ምግቡ እስኪበርድ እጸልያለሁ። ወንድሜ፣ ጋሼ እኮ አይጸልይም፣ ለእግዜር የቀን ሥራ ያከፋፍላል እያለ ይስቅብኛል። ያን ቀን ለማንም አላከፋፈልኩም። ራሴ ልሠራው ወጣሁ።

ሜካኒኩ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ዞረ። ሁለተኛው ግንባሩን ከፈተው፤ ደሙ ዓይኑን ሞልቶት ከውጭው ደረጃችን ሥር በጉልበቱ ወደቀ። የጎማ መፍቻውን በአንድ እጁ እንደጨበጠ በሌላው መሬቱን ይዳስሳል። ቧንቧውን በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩ። ሦስተኛው የት እንደሚያርፍ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደማይነሳም አውቅ ነበር።

"አባዬ፣ መጣሁ።"

የአራት ዓመት ልጄ ናት። መኖሪያችን ከብየዳ ቤቱ በላይ ነው፤ ደረጃውን የበየድኩት እኔው ነኝ። እሷ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ወደ እቅፌ ትዘላለች፤ እጄ ባዶ ይሁን አይሁን አታይም። ቀና ስል እግሯ ብረቱን ለቋል።

የቧንቧው መውደቅ የተሰማኝ ከያዝኳት በኋላ ነው።

ጀርባዬን ለሜካኒኩ ሰጥቼ አቀፍኳት። መፍቻው ጎኔን አገኘው። የጎን አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ደረቅ ነው። ደገመኝ። በላይዋ ላይ ጎበጥኩ። እሷ እቅፌ ውስጥ ሆና ጺምህ ወጋኝ እያለች ታጉረመርማለች። ከጺሜ ሌላ የሚያሳስባት ነገር አልነበረም።

አፌ ደም ደም እያለኝ አፈርኩ። ስንት ዓመት ስጸልይ አንድም ቀን እንዲህ ራሴን ጥዬ አላውቅም። አንድ እጄ ሁልጊዜ ብረት ላይ ነበር።

ወንድሜ ቧንቧውን አንስቶ መጣ። ከንፈሩ አብጦ ቃላቱ ይንሸራተታሉ።

"ጋሼ፣ ልጅቷን ይዘህ ግባ። የቀረውን ለእኔ ተወው።"

ልጄን አቀበልኩት። እሷን ለመቀበል ቧንቧውን መጣል ነበረበት።

ሸሚዜን አውልቄ ሜካኒኩ ፊት ተንበረከክኩ። ግንባሩ ልቡ በመታ ቁጥር ደም ይተፋል። ደሙን ልያዝልህ አልኩት።

"ብትጠጋኝ እፈነክትሃለሁ" አለኝ።

እንደሚያደርገው አልተጠራጠርኩም። እንደ ልማዴ ለእግዜር ምን እንዲያደርግልኝ ልነግረው ፈለግኩና ቃል አጣሁ። ከአፌ የወጣው "አባዬ" ብቻ ነበር። ሜካኒኩ ያበድኩ መሰለው። እጄን ዘረጋሁ።

መፍቻው ወረደ። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ሸሚዙን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ እንደገና ዘረጋሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ልገድልህ ነበር አልኩት።

በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየኝ። መፍቻውን አልጣለም። ግንባሩን ግን ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ።