የቪዶሳቫ የመጨረሻ ጎመን

«የአርባዋ ሳርማ በቪዳ በርሜል ጎመን ነው የሚጠቀለለው አይደል?» አሉ አክስት ስታና፣ የቡና ስኒያቸውን ከእጃቸው ሳያወርዱ። «እህቴ በገዛ እጇ የጨመረችው የመጨረሻ ጎመን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ጎመን ብታቀርቡ አልቀምስም፤ ይታወቅ።»

«እሺ አክስቴ» አለች የሟች ምራት ያጎዳ።

ወዲያው ከወለሉ ሥር፣ ከምድር ቤቱ፣ ውሃ ሲፈስ ሰማች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚያፈሰው ቀስ ብሎ ፈሰሰና ቆመ። ለቀስተኞቹ ሴቶች በሹክሹክታ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ባሏ ራዲሻ ደጅ እንጨት ይፈልጣል፤ አማቷ ኦብራድ እንደ ዘወትሩ ሻማ ይዘው ወደ ሚስታቸው መቃብር ሄደዋል። ምድር ቤት ማንም የለም።

የሟች ነፍስ አርባ ቀን እስኪሞላ ከቤቷ እንደማትርቅ ያጎዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች። መስኮቱ ላይ ውሃና ቁራሽ ዳቦ የሚቀመጠውም ለዚያ ነው። ሰምታ ነበር እንጂ አምና አታውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ግን ይህ ድምፅ በየሦስት ቀኑ ይመጣል። ለምን በየሦስት ቀኑ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አማቷ ቪዶሳቫ፣ የአክስት ስታና ቪዳ፣ ከቻቻክ ወደ ፖዤጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሠላሳ ዓመት መንገደኛ አብልተዋል። ከንጋት እስከ ቀትር በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ጎመን፣ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ቦሎቄ፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ። የጭነት መኪና ሹፌሩም ቦርሳውን አዝሎ ተራራ የሚወጣው ተማሪም ከተማ ውስጥ አንድ ሳህን ሾርባ በማይገዛ ዲናር ጠግቦ ይነሳል። ራዲሻ «ዋጋ ትንሽ እንጨምር» ያለ እንደሆነ የእናቱ መልስ አንድ ነበር፦ «መንገደኛ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ረሃብና ሒሳብ። እኔ ቤት ሁለቱንም አይፍራ።»

የዚህ ሁሉ ምስጢር ምድር ቤት ያለው የእንጨት በርሜል ነው። በመከር ሙሉ ሙሉውን ጥቅል ጎመን ይደረደርበትና በጨው ውሃ ይሞላል። ከዚያ ውሃውን በየሦስት ቀኑ ከታች በቧንቧው እየቀዱ ከላይ መመለስ ነው። ካልተመለሰ ጎመኑ ይልሞሰሞሳል፣ ይገማል። ያጎዳ ተድራ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በርሜሉን ግን «ገና ነሽ» እየተባለች አንድም ቀን አልነካችም። ዘንድሮ ጎመኑ በተጨመረ በሳምንቱ የቪዶሳቫ ልብ ደከመና አልጋ ያዙ። ያን ጊዜ በርሜሉን ሰጧት።

«ያጎዳዬ፣ ውሃውን መለስሽው?» አሉ ከአልጋቸው።

ረስታው ነበር። ብቻዋን ያን ሁሉ መንገደኛ ስታበላ ውላ እግሯ አብጧል። «መለስኩት እማማ።»

«ጎበዝ ልጄ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የያጎዳ ግን እያደር ከበዳት። በሁለተኛው ጊዜ ጎመኑ አንዴ ተበላሽቷል ብላ ሽታውን ፈርታ አልወረደችም። «መለስኩት እማማ» አለች። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ማለዳ ቪዶሳቫን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ የምድር ቤቱ በር አጠገብ፣ በባዶ እግራቸው ወድቀው አገኟቸው። ውሃ ጠምቷቸው ተነስተው ነው ተባለ። የእንጨት ነጠላ ጫማቸው ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ።

ምግብ ቤቱ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎ ተዘጋ። ሹፌሮቹ ሲያልፉ ለነፍሳቸው ጥሩምባ ይነፋሉ።

አርባው ሲነጋ ያጎዳ መውረድ ግድ ሆነባት። ጎመኑ ገምቶ ከሆነ ከገበያ ገዝታ «የእማማ ነው» ልትል ወስናለች፤ አንድ ውሸት ጨምራ። አፍንጫዋን ይዛ ክዳኑን አነሳች። የሸተታት ግን ያው የድሮው ደህና ኮምጣጣ ሽታ ነው። ቅጠሉ ወርቅማ ነው፤ ብትስበው አልተቀደደም።

ወደ ኋላ ስትል እግሯ አንድ ነገር መታ። የእንጨት ነጠላ ጫማው ነው፤ ማሰሪያው ጨው ጠጥቶ ነጥቷል።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እማማ ውሸቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። በዚያ በደከመ ልባቸው እየወረዱ ራሳቸው መልሰውታል። ኮቴያቸውን ሰምታ እንዳታፍር ጫማውን እዚሁ ትተው፣ በዚያ ብርድ፣ ደረጃውን በባዶ እግር ወርደው ወጥተዋል። ጎበዝ ልጄ ያሏት እያወቁ ነው። «ገደልኳቸው» አለች ያጎዳ፣ ለበርሜሉ።

በቀትር ሁሉም ከስንዴ ንፍሮው አንድ አንድ ማንኪያ ቀመሰ፤ ከራኪያ አረቄውም ለነፍሳቸው ወለሉ ላይ ጠብ አደረገ። የሟች ወንበር፣ ሳህንና ብርጭቆ ባዶውን ተቀምጧል። የገና ጾም ስለሆነ በሳርማው የጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝና ዋልነት ነው። በረዶ ያስቆመው አውቶቡስ ቦርሳ ያዘሉ ሦስት ወጣቶችን አወረደ፤ በሩ ተከፍቶ አይተው ምግብ እንዳለ ጠየቁ።

«ግቡ፣ ግቡ። ዛሬ ጋባዧ እሷ ናት» አሉ ኦብራድ፣ ወደ ባዶው ወንበር እያመለከቱ።

አክስት ስታና ቀመሱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የቪዳ እጅ! ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እህቴን ተክተሻታል።»

ራዲሻ ኮርቶ ሚስቱን አየ። ያጎዳ ዝም ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር።

«እኔ ውሃውን አንድም ቀን አልመለስኩትም» አለች። «መለስኩት እያልኩ ዋሸኋቸው። ራሳቸው እየወረዱ ሲመልሱ ነው የሞቱት። ጫማቸው በርሜሉ ሥር ነው።»

ሹካ ሁሉ ቆመ። መንገደኞቹ እንኳ ማኘክ አቆሙ።

«አውቃለሁ» አሉ ኦብራድ፣ ባዶውን ሳህን እያዩ። «ጎህ ሳይቀድ ከአጠገቤ ስትነሳ እሰማ ነበር። ተይ፣ እኔ ልውረድ ማለት ነበረብኝ። ብርድ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።» ቆይተው ጨመሩ፦ «ከቀብሯ ወዲህ የምመልሰው እኔ ነኝ። ከመቃብሩ ስመለስ በጓሮ በር ምድር ቤት እገባለሁ። ጫማውን ግን ማንሳት አልቻልኩም።»



«እሷ ሆና ነው እንጂ» አሉ አክስት ስታና፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ብሆን ጆሮሽን ነበር የምቆነጥጥሽ።» ሹካቸውንም መልሰው አነሱ።

ኦብራድ የበርሜሉን ውሃ መቅጃ ማሰሮ ከተሰቀለበት አውርደው ለያጎዳ ዘረጉላት። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አሏት።

ብቻዋን ወረደች። ጫማዋን አወለቀችና የአማቷን የእንጨት ነጠላ ጫማ አጠለቀች፤ ጨው ያደረቀው ማሰሪያ እግሯን ከረከራት። ቧንቧውን ከፈተች፣ ቀዳች፣ ከላይ መለሰች፤ ደግማ ቀዳች። ስትጨርስም ነጠላ ጫማውን አላወለቀችም። ከላይ ያሉት ሁሉ እየሰሟት የድንጋዩን ደረጃ ቋ፣ ቋ እያደረገች ወጣች።