ከዳር ስልሳ ሜትር

ታላቅ ወንድሟ ከተማ ሊገባ የተነሳ ዕለት፣ ሻንጣውን እንደያዘ ጫካው ድረስ አብሯት ሄደ። ቁጥር አርባ አንድ የሚል ቆርቆሮ የታሰረባትን ለጋ ዛፍ አናቷን ዳበሰና፣ «ይቺ እኔን ስታክል እመለሳለሁ» አላት። ሰው ሁሉ ቀውላላው የሚለው እሱ ነው። ዛፏ ያኔ ከደረቱ ትደርስ ነበር። እህቱ ሳቀች፤ ቃሉን ግን ያዘች።

የሁለቱም ሥራ ችግኝ መለካት ነበር። እርሻ ከብቦ ባስቀራት ቁራጭ ጫካ ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ እሷ ዘንግ ታቆማለች፣ እሱ ይጽፋል። እሱ ከሄደ ወዲህ ደብተሩን የያዘው ሌላ ጸሐፊ ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ የቀኑ መጨረሻ ላይ፣ ዘንጉን አርባ አንድ ጎን አቆመች።

«ስንት ልበል?» አለ ጸሐፊው።

«ቆይ።»

«ቆይ የሚባል ቁጥር የለም እኮ፣ እመቤቴ!»

የዛፏ ጫፍ ደርቆ ተሰብሯል። ሐረግ ተጠምጥሞባት ከተሰበረው ጫፍ አልፎ ሽቅብ ወጥቷል። ሐረጉን ብትለካው ወንድሟን ያክላል። እጇ ለአፍታ ወደዚያ ተሳበ፤ መለሰችው።

«አንድ ሜትር ከሃያ።»

«አምና አንድ ከሃምሳ ነበረች! ዛፍ ቁልቁል ያድጋል እንዴ?»

«ከጫካው ዳር ያላት ርቀት ስንት ይላል?»

«ስልሳ ሜትር። ሁሌም ስልሳ ነው።»

ስልሳን በየዓመቱ ከአምናው ገጽ እየገለበጡ ነበር የሚጽፉት። ዛፍ ከቦታው አይሄድማ! የሚገቡትም ሁልጊዜ በወዲያኛው በኩል ነው። የሜትሩን ጫፍ ጸሐፊውን ከዛፏ ሥር አስይዛ እየዘረጋች ሄደች። ጥቂት እንደተራመደች ፀሐይ ፊቷን መታት። አሥራ አንድ ሜትር። ከዚያ ወዲያ አዲስ እርሻ ነው፤ የድሮው የዳር ችካል በቆሎ መሃል ብቻውን ቆሟል። ዳሩ ላይ ፀሐይ ወዳዱ ቁጥቋጦ ተሽቀዳድሞ በቅሏል። አርባ አንድ ግን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዘር ናት፤ ትኩሱ ነፋስ አድርቋታል።

እዚያው ቆማ ደወለች።

«ደረሰችብኝ?» አለ ወንድሟ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። በዚህ ሰሞን እንደምትደውል ያውቃል።

«አጠረች።»

«ምን ነክቷት?» አለ፣ በመኪና ጡሩምባ መሃል።

«ዳሩ መጣባት፣ ወንድምዬ። ብትጠብቃትም አታክልህም።»

«እኔም እኮ ጎብጫለሁ» አለ፣ ሊያስቃት።

«እንግዲያው ና፣ ከሷ ጋር ተለካካ።»

አልሳቀም። «ዘንጉ ያው ጫፉ የተሰነጠቀው ነው?» አላት።

«እሱው ነው።»

«እስክመጣ ብቻሽን አታቁሚው። ይጋደልብሻል።»

ተመልሳ ደብተሩን ተቀበለች፤ ስልሳን ሰርዛ አሥራ አንድ ጻፈች። ሐረጉን አንድ በአንድ ፈታችላት። ጸሐፊው ዘንጉን ሊያነሳ ሲያጎነብስ፣ «ተወው» አለችው፤ «እዚሁ ይደር።»