ዋስ ይዤ የሄድኩበት ቀጠሮ

ጤና ጣቢያው ለልጅ ልጄ ለሰውአገኝና ለሚስቱ ለዓይናዲስ የሰጣቸው ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። እኔም ጋሼ አድማሴን ይዤ ተከተልኳቸው። ጋሼ አድማሴ የትዳራቸው ዋስ ናቸው፤ በሰርጉ ቀን ለዓይናዲስ ቤተሰቦች "ልጁ ቢበድላት እኔን ጠይቁኝ" ብለው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሰው ፊት ሲቀርቡ ዋስ ይጠራል፤ እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። ከብልባላ እስከ ላሊበላ ሽማግሌ ሰው ማንገላታቴ አሳስቦኝ መንገዱን ሙሉ "ደከመዎት? ብርድ ገባዎት?" እያልኩ አሰለቸኋቸው።

"አገሬ፣ ተይኝ እንጂ! ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ" አሉኝ።

ሰውአገኝ ከሠራዊቱ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የቆሰለው እግሩ ድኗል። ሌላው አልዳነም። ባለፈው ሐምሌ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብድግ ብሎ ዓይናዲስን ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እሱ ምንም አላስታወሰም። ወንድሟ ከፍላቂት መጥቶ "እስከ ጥምቀት ካልተሻለው እህቴን እወስዳታለሁ" ብሎ ሄደ። እሷ ከሄደች ልጄ አይተርፍም። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ የግቢውን ገመድ ሁሉ እኔ ቤት ነው የማሳድረው።

ባለሙያዋ ነሲባ የምትባል ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ ሦስት ወንበር ብቻ ነበር። ጋሼ አድማሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ እኔ ጀመርኩ።

"ልጄ፣ እርስዎ ሳይጠይቁን እኛው እናስረዳ። ልጁ ጨዋ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም። እሷም ክፉ ቃል አይወጣትም። የእጇን ጉዳይ ግን ጥፋት ነው ብለን እናምናለን።"

"እማማ፣ እዚህ አጥፊ አንፈልግም" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ልንፈርድ መጣን?" አሉ ጋሼ አድማሴ።

"ማንም አይፈርድም፣ አባባ። ሁለቱ ብቻ ከእኔ ጋር ይነጋገራሉ።"

"ዋሱስ?"

"ዋሱ ውጭ ይቀመጣሉ" አለች ፈገግ ብላ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁና በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩት። "የጥንዶች ምክር አገልግሎት" ይላል። ምክር ከሆነ ሽማግሌው ለምን ይወጣል? ይህን እያሰብኩ ከውስጥ ልቅሶ ሰማሁ። የሰውአገኝ ነው። ብድግ ስል ጋሼ አድማሴ ነጠላዬን ያዙ።

"ተቀመጪ!"

"እያለቀሰ እኮ ነው!"

"ያልቅስ። ሊያለቅስ አይደል የመጣው?"

"ሊታከም ነው የመጣው!"

"ለምን እንደመጣ እኔም አላውቅም። ብቻ ተቀመጪ።"

በኋላ ነሲባ በሩን ከፍታ እኔን ጠራችኝ።

"እማማ፣ ሰውአገኝ ሲደነግጥ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?"

"ሮጬ እገባለሁ። እሷን ወደ እኔ ቤት አስወጣታለሁ፣ እሱን እስኪረጋጋ አቅፈዋለሁ።" ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ዓይናዲስ መሬት መሬት እያየች "ሁልጊዜ ያስወጡኛል፣ እማማ። አንድ ቀን እንኳ ሲረጋጋ አላየሁትም" አለች።

"እንዳይገድልሽ ፈርቼ ነዋ!"

ያን ጊዜ ሰውአገኝ ቀና አለ። "እማዬ፣ ወደ ልቤ ስመለስ እሷን አጣታለሁ። ገደልኳት ብዬ ነው የማስበው። ተመልሳ እስካያት ድረስ ገድያታለሁ።"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሦስቱንም ተራ በተራ አየኋቸው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲያው አጥፊዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አጥፊ የለም አልኩዎት እኮ" አለች ነሲባ። ከዚያ መላውን ነገረችን። ሲደነግጥ ዓይናዲስ ሳትነካው በሩ አጠገብ ትቁም፤ ስሟን፣ ቀኑን፣ ያሉበትን ቦታ ትንገረው። በሩ ክፍት ይሁን፣ ከፈራች ትውጣ። እኔ ግን ካልተጠራሁ አልግባ። ሁለት ሳምንት ሞክሩት ተባልን።

ስንመለስ ጋሼ አድማሴ "አጥፊ የሌለው ዕርቅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እኔ አሁን የማን ዋስ ነኝ?" እያሉ አጉረመረሙ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ዘመኑ ጣሪያውን ሲያድስ ቆርቆሮ አምልጦት ድንጋይ ላይ ወደቀ። የሰውአገኝን ጩኸት ስሰማ እግሬ ቀድሞኝ ሮጠ። ደጃፋቸው ላይ ስደርስ የዓይናዲስን ድምፅ ሰማሁ።

"ዓይናዲስ ነኝ። ሐሙስ ነው። ብልባላ፣ ቤታችን ነን። የወደቀው የዘመኑ ቆርቆሮ ነው።"

ደገመችው። ሠለሰችው። ገና በደንብ የማይጨብጠው እጇ ትዝ አለኝ። ይሄ ሕክምና ነው ወይስ የሰውን ልጅ ለሞት አሳልፎ መስጠት? አንድ እግሬን አስገባሁ፣ መልሼ አወጣሁት።

"አለሽ?" አለ በመጨረሻ።

"አለሁ።"

"እማዬስ?"

"ደጅ ናቸው። ይግቡ?"

"ትቆይ" አለ።

ተቆጥቶኝ ይሁን አዝኖልኝ እንጃ። ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደግሁት፣ ሳሉን ከሳቁ ለይቼ የማውቀው እኔ፣ ይህቺን አንዲት ቃል መለየት አቃተኝ።

ዘመኑ ከጣሪያው ላይ "እመት አገሬ፣ ምን ሆናችሁ? ልውረድ?" ብሎ ተጣራ።

"እንዳትንቀሳቀስ! ምንም ነገር እንዳትነካ!" አልኩት በሹክሹክታ፣ በእጄም ምልክት እየሰጠሁ። እሱ መዶሻውን እንደያዘ እዚያ ላይ ቀረ፤ እኔም ደጃፉ ላይ።