አየሁት ባዩ ሐኪም

የጥርስ ሐኪሙ «አላውቅም» ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። መንገድ የጠየቃቸውን ሁሉ፣ የቦታውን ስም ሰምተውት ባያውቁም፣ «ቀጥ ብለህ ሂድና ወደ ግራ ታጠፍ» ብለው ይሸኙታል። የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ይመስላቸዋል። ባለቤታቸው «እዚህ ከተማ ውስጥ እስካሁን የሚንከራተት እንግዳ ካለ የአንተ ሥራ ነው» ይሏቸዋል።

በሃምሳ ዓመታቸው አውሮፕላን ማብረር አማራቸው። አስተማሪያቸው የገዛ እህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች። የወተት ጥርሶቿን የነቀሉላት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ሚጣ ነው የሚሏት። በተቆጣቻቸው ቁጥር «የዚያን ጊዜውን ጥርስ ነው የምታስከፍይኝ» ይሏታል።

የዛሬው ቅዳሜ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ደህና ከበረሩ ሚጣ ወርዳ ብቻቸውን እንደምትለቃቸው ነግራቸዋለች። ሐኪሙም ወሬውን ለሰው ሁሉ አዳርሰዋል፤ አፋቸውን እንደከፈቱ ለተቀመጡና መልስ መስጠት ለማይችሉ ታካሚዎች ሳይቀር።

የአውሮፕላን ሜዳው ማኮብኮቢያ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ለማረፍ የሚመጣ ሁሉ ሜዳውን በአራት ማዕዘን እየዞረ ተራውን ይይዛል። መቆጣጠሪያ ማማው ላይ የተቀመጠችው ሴት ለእያንዳንዱ አብራሪ ተራውንና የሚከተለውን አውሮፕላን በሬዲዮ ትነግረዋለች። ያንን አውሮፕላን በዓይኑ ፈልጎ ማግኘት ግን የራሱ የአብራሪው ፋንታ ነው። ሐኪሙና ሚጣ ለማረፍ ሲዞሩ ሴትየዋ በአውሮፕላናቸው ቁጥር ጠራቻቸው።

«ሰባት ሁለት፣ ተራዎ ሦስተኛ ነው። ከፊትዎ ያለውን ነጭ አውሮፕላን ይከተሉ። አዩት?»

«አየሁት!» አሉ ሐኪሙ፣ ጥያቄው በቅጡ ሳያልቅ።

እውነትም ነጭ አውሮፕላን ነበር፤ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው። እሱን ተከትለው ለመታጠፍ ክንፋቸውን ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ሚጣ መሪውን ያዘች።

«ይልቀቁልኝ!» አለችና አውሮፕላኑን አቃንታ ቀጥታ ነዳችው። «አሁን በግራ በኩል፣ ራቅ አድርገው ይመልከቱ።»

ሌላ ነጭ አውሮፕላን፣ እነሱ ሊገቡበት ወደነበረው ቦታ እየገሰገሰ ነበር።

«ያረፈው አንደኛው ነው» አለች። «የእኛው ይኼ ነው።»

ሐኪሙም «ነጭ አለችኝ፤ ነጭ አየሁ» አሉ።

«ታካሚ ጥርሴን አመመኝ ሲልዎት መጀመሪያ ያዩትን ጥርስ ይነቅላሉ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ነበር ያኔ መንቀል!»

«ሳይፈልጉት አየሁት ያሉት ለምንድን ነው?»

«ሴትየዋ እየጠበቀችኝ! ያ ሁሉ ሥራ ተቆልሎባት፣ እኔ ደግሞ ላስጠብቃት?»

«ያስጠብቋት! አጎቴ፣ ሰማይ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። መሬት ላይ ጥለውት ይውጡ፤ ማንም አይወስድብዎትም።»

ሐኪሙ ብቻቸውን መብረሩ እንደቀረ ገባቸው። አርፈው እንደገና ተነሡ፤ መዞር ጀመሩ።

«ሰባት ሁለት፣ ተራዎ ሁለተኛ ነው። ከፊትዎ ያለውን ቢጫ አውሮፕላን ይከተሉ። አዩት?»

ሐኪሙ ሰማዩን እንደ አፍ ይመረምሩት ጀመር፤ ከግራ መንጋጋ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ። ቢጫ ነገር የለም። ደግመው ከቀኝ ወደ ግራ መጡ። አሁንም የለም። ሚጣም አንገቷን ታዞራለች እንጂ ትንፍሽ አላለችም።

«ሰባት ሁለት፣ አዩት ወይ?»

በሰማዩ ያለ አብራሪ ሁሉ እየሰማ ነው። የለመዷት ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ቆማለች።

«አ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላየሁትም።»

ቀጥሎ ከኋላቸው ተራ ከሚጠብቁት አንዱ በጎርናና ድምፅ «ሐኪም፣ እኛ ታዲያ በሌላ ቀጠሮ እንምጣ?» አለ።

«ሰባት ሁለት፣ እንግዲያው አይታጠፉ፤ ከፍታዎን ሳይቀንሱ ቀጥታ ይሂዱ» አለች የማማዋ ሴት፣ ምንም ሳይመስላት።

ሐኪሙ ፊታቸው እንደጋለ ቀጥታ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫው አውሮፕላን ከገዛ ክንፋቸው ሥር ሾልኮ ወጣና ወደ ግራ ታጠፈ። ለካ እስካሁን ከታቻቸው ኖሯል። ዝቅ ቢሉ የሚወርዱት በላዩ ላይ ነበር።

«አሁን አየሁት» አሉ በሬዲዮው። «ቢጫ፤ ከግራ ክንፌ ሥር ወጥቶ እየታጠፈ ነው።» ከዚያ ወደ ሚጣ ዞሩ። «አንቺስ መቼ አየሽው?»

«ከእርስዎ እኩል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔም እየፈለግኩት ነበራ!»

እንዳረፉ ሚጣ ቀበቶዋን ፈትታ በሩን ከፈተች።

«ወዴት ነው?» አሉ ሐኪሙ።

«ልወርድ ነዋ። ብቻዎን ይዙሩ።»

«ያን ሁሉ ሰው አስጠብቄ?»

«ስላስጠበቁ ነው እኮ!» ክንፉ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «ምነው፣ ፈሩ እንዴ?»

ሐኪሙ ባዶውን ወንበር አዩት።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አሉ።

ሚጣ እየሳቀች በሩን ከውጭ ገፋ አድርጋ ዘጋችላቸው። ከሣሩ ዳር ቆማም፣ ሐኪሙ ብቻቸውን ዞረው እስኪያርፉ ድረስ በዓይኗ ስትከተላቸው አንገቷን አላሳረፈችም።