ከጥዱ ሥር አርፈዋል

ሰብሪያ ጉርድ ሾላ የሞባይል ዕቃ ትሸጣለች፤ ስልክ ነክ ነገር ማንንም ጠይቃ አታውቅም። አባቷ ጋሽ ሙክታር ከጠፉ ግን ይኸው ሁለተኛ ቀን፣ ያ ሁሉ ዕውቀቷ ቅንጣት አልፈየደላትም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርብ ንጋት ለሱብሂ ሰላት ወጡ፣ መስጊድ ደርሰው ሰገዱ፣ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

የት እንደሄዱ መገመቱ አልቸገራትም። ሽማግሌው መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ የማይረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ያመላለሱባት የጭነት መኪና። መኪናዋ ከተሸጠች ስንት ዘመኗ! እሳቸው ግን «ዳገት ላይ ፍሬን ሳልይዝ ትቻት መጣሁ» ይሉና ጫማ ፍለጋ ይነሣሉ። ሰብሪያ በሩን ቆልፋ ነበር የምታድረው። አርብ ዕለት ግን ሰላት እንዴት እከለክላለሁ ብላ በገዛ እጇ ከፈተችላቸው። እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ወንድሟ ኢማድ ከፖሊስ ጋር ቀኑን ሙሉ ጫካውን ሲያስስ ዋለ። እንጦጦ መቼም የሰው ጓሮ አይደለም፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። እሷ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። አራት ሺህ ሰው ተቀባበለው፤ ግማሹ አላህ ያግዝሽ፣ ግማሹ እግዚአብሔር ይርዳሽ አላት። አሜን ነው! ግን ከአራት ሺሁ አንዱ እንኳ ጫካ ውስጥ የለም፣ ሁሉም ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

ኅዳግ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ኅዳግ ስልክ ላይ የሚጫን ነገር ነው፤ የፈለጉትን ድረ ገጽ ከፍተው አንድ መስመር በጣት ያቀልሙና ከጎኑ ያሻዎትን ይጽፋሉ። ኅዳግ የጫነ ሁሉ ያነበዋል፣ ላልጫነው ገጹ እንደነበረው ነው። የእንጦጦን የእግር መንገድ የሚዘረዝር ገጽ አለ፣ ሯጮችና ተጓዦች ዳር ዳሩን ሞልተውታል፤ እዚህ ጋ ጭቃ ነው፣ እዚያ ጋ ተናካሽ ውሻ አለ፣ ይሄ አቋራጭ ገደል ነው የሚከታችሁ። ሰብሪያ ለስንቱ ደንበኛ ጭናለታለች! ስለ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁለት የሚያወራውን መስመር አቀለመችና ጻፈች። አባቴ ጠፍተውብኛል፣ ቡናማ ኮትና ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ያያችሁ በአላህ ደውሉልኝ ብላ ቁጥሯን አስከተለች።

ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ፀደንያ የምትባል ከሥሩ መልሳላታለች።

«እኅቴ፣ አባትሽ ከኪዳነ ምሕረት በታች፣ ምንጩ አጠገብ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር አርፈዋል። አይዞሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ዓይኗ አላይ አላት። አርፈዋል። ከሱቋ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

ማን ይፈርድባታል? ባገራችን ትልቅ ሰው «አረፉ» ከተባለ አበቃ፣ ቀጥሎ ድንኳን ነው። ላዩ ላይ ደግሞ «አይዞሽ» ተጨምሮበታል። እንደምንም ብላ እባክሽ ደውዪልኝ ብላ ጻፈችላት። መልስ የለም። ዝምታውንም ከሐዘን ቆጠረችው።

ኢማድ መጣ፣ አነበበ፣ «ኢንና ሊላሂ» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክም ያው ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ሞቱ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ለሞተ ሰው ደግሞ ችኮላውም በሥርዓት ነው። ለከፈን አቡጀዲ ተገዛ፣ ከመስጊድ ቃሬዛ ወጣ፣ ተሸካሚ ተሰበሰበ፣ ለፖሊስ ተነገረ። ጎረቤት ድንኳን ሲተክል ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ሴት እዚህ ትቆይ ሲሏት ሰብሪያ እንቢ አለች፤ ስልኩም ቦታውም በእኔ እጅ ነው ብላ አቡጀዲውን ታቅፋ መኪና ውስጥ ገባች።

ፈረንሳይ ሰፈርን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ስልኳ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸ፤ ፀደንያ ናት።

«የት ደረሳችሁ? ስልክ ቁጥርሽ በኮከብ ተሸፍኖብኛል፣ መደወል አልቻልኩም። ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ብቻ ነው።»

«እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ጥያቸው መውረድ ፈራሁ።»

«በጣም በርዷቸዋል። መንቀጥቀጡንም እያቆሙ ነው። ቶሎ ኑ።»

ኔትወርኩ አዘግይቷቸው እንጂ የመጨረሻው ከተጻፈ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። ኅዳግ አጭበርባሪ ለመከላከል ብሎ የጻፉትን ቁጥር ለሌላው ይሸፍናል፣ ለጻፈው ሰው ግን ያሳየዋል። ለዚያ ሁሉ ሰው ስትጭን ይህን አታውቅም ነበር።

«ኢማድ፣ አባባ በርዷቸዋል» አለች።

አእምሮዋ የተነካ መስሎት ትከሻዋን አቀፈና ታገሺ እኅቴ አላት። ስልኩን ዓይኑ ሥር ደቀነችው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት ሰዓት ተኩል! ለሬሳ ሲሰናዱ ሕያው አባታቸውን ብርድ እየጨረሳቸው ነው። ሹፌሩን ንዳ አሉት፤ ዳገቱ ግን ዳገት ነው፣ መኪናዋም አሮጌ። ሰብሪያ ያ ረቢ፣ እኔን አስቀድመኝ እያለች ወንበሩን ትደበድባለች።

መኪናው እማይገባበት ሲደርሱ ወርዳ ቁልቁል ሮጠች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ከጥዱ ሥር የሩጫ ቱታ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች፣ ጃኬቷን አውልቃ ሽማግሌውን አልብሳ በሁለት እጇ አቅፋቸዋለች፣ እሷም ትንቀጠቀጣለች። የጋሽ ሙክታር ዓይን ተከድኗል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«አባባ» አለች ሰብሪያ፣ ጉንጫቸውን እየዳሰሰች።

የምታለብሳቸው ነገር ፈለገች። ብርድ ልብስ ማን ያምጣ፣ ለሞተ ሰው ማን ብርድ ልብስ ያስባል? በእጇ ያለው ያ አቡጀዲ ብቻ ነው። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ፈታችው፤ ሦስቱንም ቁራጭ ዘርግታ ከአንገት እስከ እግር ጠቀለለቻቸው። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱ አስተግፊሩላህ ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ደረታቸው ላይ ተኝታ ትንፋሿን አንገታቸው ላይ ትተነፍሳለች፣ ኢማድ እግራቸውን ያሻል።

ስንት ጊዜ እንደሆነ የቆጠረ የለም። ከደረታቸው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ፍሬኑን ያዛችሁት?»

«ይዘነዋል አባባ» አለች፣ ለቅሶዋም ያኔ ወጣ። እሳቸው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ጋቢው ዳሩ አልተሰፋም ብለው አጉረመረሙ። አልተሰፋማ፣ የከፈን ዳር አይሰፋም።

ሌላ መሸከሚያ ስለሌለ በቃሬዛው ተሸክመዋቸው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርሱ የተቀመጡ ምዕመናን ነጭ ጨርቁንና ቃሬዛውን አይተው ብድግ አሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኢማድ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ጠየቁት።

«ነፍስ ይማር ልጄ። መቼ አረፉ?»

ከኢማድ በፊት ጋሽ ሙክታር ከቃሬዛው ላይ መለሱላቸው።

«የምን ዕረፍት እመቤቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ስዞር ነው ያለሁት።»

ሴትዮዋ አማተቡ። ነፋሱ አቡጀዲውን ባነሣው ቁጥር ፊታቸውን እንዳይሸፍነው ሰብሪያ ጫፉን ጨብጣ ይዛ መኪናው ድረስ ከጎናቸው ሄደች።