የሰዓት ጠጋኙ ሥዕል

«ወረቀቱን አምጪው» አላት ታላቅ ወንድሟ፣ ለቀስተኞቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀን ነው። መተላለፊያው በወንበር ተጣቧል፤ ታናሺቱ በመስኮቱና በወንድሟ መካከል ቆማ መላወሻ አጥታለች።

ወንድምየው ጠበቃ አማክሮ ነው የመጣው። አባታቸው ቤቱን ለእንጀራ እናታቸው የተናዘዙት ሐኪም «መለስተኛ የማስታወስ ችግር» ብሎ ከጻፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከቀረበ ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል፤ አባታቸውን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመሙት ሴትዮም ሻንጣቸውን ይዘው ሊወጡ። ወረቀቱ ደግሞ ታናሺቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እሷ ናትና።

«ብትደብቂውም ቅጂው ሐኪም ቤት አለ። ምለሽ ትመሰክሪያለሽ።»

እውነቱን ነው፤ እጅ ከወርች ታስራለች። ምላ ምን ልትል ነው? አባቷ ይረሱ ነበር። በምርመራው ቀን ሐኪሙ ካስጠናቸው አምስት ቃላት የመለሱት ሁለቱን ብቻ ነው። ቀጥሎ እዚሁ ወረቀት ላይ አራት ከሩብ የሚል ሰዓት እንዲስሉ አዘዛቸው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩት ሰውዬ ቁጥሮቹን ወደ ግራ አዙረው ደረደሯቸው። ሐኪሙ በቀይ ሰረዘበት። እሷ አንገቷን ደፋች፤ አፈረችባቸው። ሰሞኑን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አባቷ ሳቅ ብለው፣ «በየት በኩል እንደሚፈልገው መች ነገረኝ? እኔ ሰዓትን ስከፍት የኖርኩት በጀርባው ነው» አሏት። ሰበብ መሰላት።

እንጀራ እናቷ ብርጭቆ የደረደሩበትን ትሪ ይዘው በመካከላቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። «ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ እግርሽ ዛለ እኮ።» ምንም አያውቁም። ወንድምየው መንገድ ለቀቀላቸውና ወዲያው ተመልሶ ፊቷ ተገተረ።

ታናሺቱ ወረቀቱን አወጣች። ገልብጣ በጀርባው ከመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ብርሃኑ ሲያልፍበት እያንዳንዱ ቁጥር ቢገለበጥም ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ቆጣሪዎቹም አራት ከሩብ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኩል እየው።»

ከአባቱ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ያደገው ወንድሟ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ቁጥሮቹን በጣቱ በተራ ተከተላቸው።

«ቃላቱን ግን ረስተዋል።»

«ረስተዋል። እሱንም እናገራለሁ፤ ይህንንም። አባዬ የፈረሙትን ያውቁ ነበር።»

እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ክንዷ እስኪዝል ድረስ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ደግፋ ያዘችው፤ ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ለአባቷ ያልቆመችላቸውን ለመካስ ያህል።